በ40 ኪሎባይት የተሠራ ልጅነት

የ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ን ዜማ በልጅነቱ የሰማ ሰው፣ ዕድሜው አርባን ቢያልፍም የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ሲሰማ የቀረውን ራሱ ያንጎራጉረዋል። ጆይስቲኩን ቢያቀብሉት ደግሞ ጣቶቹ ይቀድሙታል። የትኛውን ጡብ እንደሚመታ፣ ከየትኛው ጉድጓድ በፊት እንደሚዘል፣ በየትኛው ቱቦ እንደሚገባ አስታዋሽ አያስፈልገውም። ለፈተና ሌሊት ቁጭ ብለን ያጠናነው ብዙ ነገር ከአእምሯችን ሲወጣ ይህ ለምን ቀረ?

ብዙ ሰው «ልጅነት ስለሆነ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልጅነት ትልቅ ድርሻ አለው። ነገር ግን የሚናፍቀንን ጌም ውስጡን ከፍተን ብናየው ሌላም ምክንያት እናገኛለን። ከአእምሯችን አልጠፋ ያሉት ነገሮች፣ ማለትም ዜማው፣ የማሪዮ ጺም፣ የዳመናው ቅርጽ፣ አብዛኞቹ ከእጥረት የተወለዱ የጥበብ መፍትሔዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ኒንተንዶ የሠራውን የፋሚኮም መሣሪያ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኪዮቶ የወጣው ሣጥን

ኒንተንዶ በ1889 በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። መጀመሪያ ይሠራ የነበረው ሃናፉዳ የሚባለውን የጃፓኖች የመጫወቻ ካርታ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ፣ መሐንዲሱ ማሳዩኪ ኡዌሙራ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝና ካሴት እየተቀያየረ የሚያጫውት ርካሽ መሣሪያ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ውጤቱ ጁላይ 15 ቀን 1983 በ14,800 የን ለገበያ የቀረበው ነጭና ቀይ ሣጥን ነው። ሙሉ ስሙ ፋሚሊ ኮምፒዩተር ሲሆን ጃፓኖች አሳጥረው ፋሚኮም አሉት።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ወድቆ ነበር። መደብሮቹ በማይረቡ ጌሞች ተጥለቅልቀው ስለከሰሩ ስለ አዲስ መሣሪያ መስማት አልፈለጉም። ስለዚህ ኒንተንዶ በ1985 ኒው ዮርክ ላይ ሽያጩን ሲሞክር የመሣሪያውን መልክም ስምም ለወጠ። ግራጫ አደረገው፤ ካሴቱም እንደ ቪዲዮ ማጫወቻ ከፊት ለፊት እንዲገባ ሆነ። ነጋዴዎቹ እንደ አሻንጉሊት እንዲያዩት ደግሞ ከትንሽ ሮቦት ጋር አቀረበው። ስሙም ኒንተንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም፣ ባጭሩ ኔስ ሆነ። ሁለቱም ተደምረው በዓለም ዙሪያ ወደ 62 ሚሊዮን የሚጠጋ መሣሪያ ተሸጧል።

ጥቂት ነጥብ፣ ጥቂት ቀለም

የመሣሪያው አንጎል በሰከንድ ወደ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ነው። ለሥራ የሚጠቀምበት ማኅደረ ትውስታ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሥዕል በወርድ 256፣ በቁመት 240 ነጥቦች ነበሩት። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ዓለሙ፣ ጠላቶቹ፣ ዜማው፣ ሕግጋቱ ሁሉ ተደምሮ 40 ኪሎባይት ነው።

ታዲያ ሽጌሩ ሚያሞቶ፣ ታካሺ ቴዙካና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን ሁሉ በዚህች ጠባብ ቦታ እንዴት አስገቡት? ሰማይ ላይ ያለውን ዳመናና መሬት ላይ ያለውን ቁጥቋጦ አስተያይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሥዕል ናቸው። ነጭ ሲቀባ ዳመና፣ አረንጓዴ ሲቀባ ቁጥቋጦ ይሆናል። ዓይናችን ግን አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ስለሚያየው ለዓመታት ሳናውቀው ኖረናል።

የማሪዮ መልክም እንዲሁ የተወለደው ከእጥረት ነው። ገጸ ባሕርዩ መጀመሪያ የታየው በ1981 በወጣው «ዶንኪ ኮንግ» ላይ ነው። በእነዚያ ጥቂት ነጥቦች አፍ መሣል ከባድ ስለነበር ትልቅ አፍንጫና ጺም ተሰጠው። ፀጉር ሲሮጥ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወድቅ ከማሳየት ይልቅ ኮፍያ ማልበስ ቀለለ። ክንዱ ከሰውነቱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ ቱታ ለበሰ። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት መልኮች አንዱ በዚህ መንገድ ተገኘ።

ጠላት ሲበዛ ሥዕሎቹ ብልጭ ድርግም ይሉ እንደነበር የሚያስታውስ ካለ ምክንያቱ ይኸውና፦ መሣሪያው በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ሥዕሎችን ማሳየት አይችልም። ቁጥሩ ሲያልፍ ጌም ሠሪዎቹ ቁራጮቹን በየተራ ያሳዩአቸዋል፤ አንዱ ሲታይ ሌላው ይጠፋል። ልጅ ሆነን «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ» ያልነው እንግዲህ ሥራ የበዛበት ሣጥን ሥዕሎቹን ተራ እያስያዘ ነበር።

የቅኔ ተማሪ ይህን ነገር በቶሎ ይረዳዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ባለቅኔው ሐሳቡን በሙሉ በዚያች ልክ መቋጠር አለበት። ልኩ ስለጠበበበት ቃል አያባክንም፤ ያልባከነ ቃል ደግሞ ከሰሚው አእምሮ አይወጣም። ፋሚኮም ላይ የሠሩት ሰዎችም ነጥብ ማባከን አይችሉም ነበር።

የዜማው ምሥጢር

የመሣሪያው የድምፅ ክፍል በአንድ ጊዜ አምስት ድምፅ ብቻ ያወጣል። ሁለቱ ዜማና አጃቢ ለመጫወት ይመቻሉ፤ አንዱ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ይይዛል፤ አንዱ እንደ ከበሮ የሚያገለግል ሹክሹክታ መሰል ጩኸት ነው፤ አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን ያሰማል። የማሪዮን ዜማ የደረሱት ኮጂ ኮንዶ ይህችኑ መሣሪያ ይዘው ነው የሠሩት። የጌሙ ድምፆችም ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ፤ ማሪዮ ሲዘል ከዜማው ድምፆች አንዱ ለአፍታ ቦታውን ለዝላዩ ይለቃል።

ቦታ ስለሌለ ዜማው አጭር ነው፤ አጭር ስለሆነም ደጋግሞ ይመለሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ስንጫወት መቶ ጊዜ ልንሰማው እንችላለን። ስለዚህ መቶ ጊዜ ተሰምቶ የማይሰለች መሆን ነበረበት። ኮንዶ ያንን ያገኙት የዜማውን ምት ከሩጫውና ከዝላዩ ጋር በማስማማት ነው። ሰዓቱ ከ100 በታች ሲወርድ ዜማው ይፈጥናል፤ ልባችንም አብሮ ይፈጥናል። በ2023 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ዜማ ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል ብሎ በሚመርጣቸው የድምፅ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከቪዲዮ ጌም ሙዚቃ እዚያ መዝገብ የገባ የመጀመሪያው ነው። ለእኔ ይህ ክብር ሲያንሰው እንጂ አይበዛበትም።

ሽጉጡ እንዴት ያውቅ ነበር?

በ«ዳክ ሃንት» ዳክዬ የተኮሰ ልጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ የፕላስቲኩ ሽጉጥ መምታቴን በምን አወቀ? ሽጉጡ ምንም አይተኩስም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚለይ ዓይን ነው። ምላጩን ስንስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬው ባለበት ቦታ ነጭ ሣጥን ብልጭ ይላል። ሽጉጡ ከጥቁሩ በኋላ ነጩን ካየ ተመታ፤ ካላየ ተሳተ። ሁሉም ነገር ያለቀው ዓይናችን በቅጡ ሳያስተውለው ነው።

ይህ አሠራር የድሮው፣ ከኋላው ወጣ ያለው ቴሌቪዥን ሥዕሉን በሚሥልበት ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። የዛሬው ስስ ስክሪን ሥዕሉን ለማሳየት ትንሽ ስለሚዘገይና ብርሃኑም ስለሚለይ የድሮው ሽጉጥ አይሠራበትም።

ካሴቱን አውጥቶ እፍ ማለትም ሌላው የዘመኑ ወግ ነው። በአሜሪካው ሞዴል ካሴቱ ከገባ በኋላ ወደ ታች ይጫናል፤ ውስጥ ያሉት 72 የብረት ጥርሶች በጊዜ ብዛት ሲላሉ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሕጋዊ ካሴት መሆኑን የሚያረጋግጠው ቺፕ መልስ ሲያጣ መሣሪያውን ደጋግሞ ስለሚያስነሳው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እፍ ስንለው የሚሠራልን ካሴቱን አውጥተን መልሰን ስለምንከተው ነበር። የትንፋሻችን እርጥበት በአንጻሩ ብረቱን ስለሚጎዳ ኒንተንዶ ራሱ እፍ አትበሉ ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር።

በየሀገሩ በሌላ ስም

ኒንተንዶ ባልደረሰባቸው ሀገሮች ያደጉ ልጆች ይህንኑ መሣሪያ በሌላ ስም ያውቁታል። የፋሚኮምን አሠራር የገለበጡ ርካሽ ማሽኖች በእስያ ተሠርተው በዓለም ተሠራጩ። በሩሲያ ከ1992 ጀምሮ ዴንዲ፣ በፖላንድ ፔጋሰስ፣ በቻይና ሱቦር በሚሉ ስሞች ተሸጡ። በአንድ ካሴት ላይ «9999 ጌም» ተብሎ ይጻፍና ሲከፈት ጥቂቶቹ ጌሞች ስማቸው እየተቀየረ ይደጋገማሉ። ሕገ ወጥ ቅጂ ናቸው፤ ቢሆንም ለብዙ ሚሊዮን ልጆች የማሪዮን ዓለም ያስተዋወቁት እነሱ ናቸው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ከዚያ በኋላ ያደገው ትውልድ ደግሞ ናፍቆቱ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ይወስደዋል። ሶኒ በ2000 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ፣ በየሰፈሩ በሳንቲም የሚያጫውቱ ጌም ቤቶችን አሞቀ። እዚያ የተሸነፈ ይነሳል፤ ያሸነፈ ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ዙሪያውን የቆመው ተመልካች ሁሉ አሠልጣኝ ነው። መሣሪያው ቢለያይም የሚናፈቀው ነገር ዝምድና አለው።

አእምሯችን ለምን ያስቀምጠዋል?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በደንብ የሚያውቁት ነገር አለ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ጊዜ አብልጠው ያስታውሳሉ። ብዙ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደርስብን በዚያ ዕድሜ ነው።

በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ቲም ዊልድሹትና ኮንስታንቲን ሴዲኪዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ሰዎች የሚናፍቁትን ትዝታ እንዲጽፉ ጠየቁ። በአብዛኛው ጽሑፍ ውስጥ ዋናው ባለታሪክ ጸሐፊው ራሱ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም፤ የሚቀርባቸው ሰዎች አብረውት አሉ። ብቸኝነት ናፍቆትን እንደሚቀሰቅስ፣ ናፍቆቱም በተራው ከሰው ጋር የመተሳሰር ስሜትን እንደሚያጠነክር አገኙ።

ይህ የልጅነት ጌም ትዝታችንን በደንብ ይገልጸዋል። ፋሚኮም ሁለት ጆይስቲክ ይዞ ነው የመጣው። የታላቅ ወንድምን ተራ መጠበቅ፣ ከጎረቤት ልጅ ካሴት መዋዋስ፣ ዜና ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ለአባት መልቀቅ፣ ይህ ሁሉ ከጌሙ ጋር አንድ ላይ ተቀምጧል። ዜማው ሲሰማ ሰዎቹም ይመጣሉ።

ናፍቆቱን ምን እናድርግበት?

እነዚህ ጌሞች አሁንም ሰውን ማስደነቅ አላቆሙም። ኒንተንዶ በ1989 ለኔስ ያወጣውን «ቴትሪስ» ከ34 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2023፣ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ታዳጊ እስኪቆም ድረስ ተጫወተው። ጌሙ ራሱ መቀጠል አቅቶት የደረቀበት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ይህ ልጅ ጌሙ ሲወጣ አልተወለደም፤ የሳበው ትዝታ ሳይሆን የሥራው ጥራት ነው።

ይሁን እንጂ የቀሩት ብዙዎቹ አደጋ ላይ ናቸው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በዚያን ጊዜ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። የታወቁትን ማግኘት ቀላል ነው፤ ኒንተንዶ በ2016 ሠላሳ ጌሞች የያዘ ትንሽ ኔስ ሸጧል፤ በስዊች መሣሪያውም በክፍያ ያቀርባቸዋል። በኒው ዮርክ ግዛት ሮችስተር ያለው የስትሮንግ ሙዚየም ማሪዮንና ቴትሪስን በ2015 በክብር መዝገቡ አስፍሯል። የፋሚኮሙ መሐንዲስ ኡዌሙራም ከኒንተንዶ ከወጡ በኋላ፣ በ2021 እስኪያርፉ ድረስ፣ በኪዮቶው ሪትሱሜይካን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጌሞች ጥናት ሠርተዋል።

እኛም የድርሻችንን ማድረግ እንችላለን። የድሮው መሣሪያ ቤት ካለ አይጣል፤ ካሴቱ እርጥበት በሌለበት ይቀመጥ። ልጆች ሲጠይቁ ደግሞ «የእኛ ጊዜ ይሻል ነበር» ብሎ መዝጋት አይበቃም። ዳመናውንና ቁጥቋጦውን አሳይተን አንድ መሆናቸውን ራሳቸው እንዲያገኙት እንተዋቸው። ጺሙ ለምን እንደተሣለ፣ ዜማው ለምን እንደሚደጋገም እንንገራቸው። በ40 ኪሎባይት ዓለም መፍጠር እንደሚቻል በልጅነቱ የገባው ሰው፣ ነገ በእጁ ያለው ጥቂት ነገር ቢሆን እንኳ ሥራውን ከመጀመር ወደ ኋላ አይልም።