የታይሚንግ ቺንጋ መላላትና የሞተር ጉዳት ምርመራ፦ ለአውቶሞቲቭ ተግባራዊ ትምህርት የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የአውቶሞቲቭ ክፍል ለሠልጣኞች ከሚሰጡት የተግባር ሥራዎች መካከል ሞተር መፍታትና መልሶ መግጠም ሰፊውን ጊዜ ይይዛል። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሞተርን ሳይፈቱ የደረሰበትን ጉዳት ለይቶ ማወቅ ከመፍታት የማያንስ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ ችሎታ ነው። የዕለት ገቢው በአንድ ሚኒባስ ላይ የተመሠረተ ቤተሰብ የመኪናው ቴስታታ ያለ በቂ ምክንያት ቢወርድበት የሥራ ቀናቱንና የዕቃውን ዋጋ ይከስራል። በአንጻሩ ደግሞ የተጎዳ ሞተር ሳይመረመር ቢነሣ በአንድ ቫልቭ ላይ ተወስኖ የነበረው ጉዳት ወደ ፒስተንና ወደ ሲሊንደር ሊሸጋገር ይችላል። በሁለቱም በኩል የሚደርሰው ኪሣራ ምንጩ አንድ ነው፤ እርሱም ከምርመራ በፊት የሚወሰድ እርምጃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የታይሚንግ ቺንጋ በላላ ጊዜ በሞተር ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ለማወቅ የሚደረገውን ምርመራ በቅደም ተከተል ማብራራትና መምህሩ ይህንኑ ቅደም ተከተል ለማስተማሪያነት እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል ማመልከት ነው።

1. የቺንጋው ተግባር

በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ቫልቮቹ በትክክለኛው ጊዜ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው ይህ የሁለት ለአንድ ዝምድና ነው። ዝምድናው በማርሽ፣ በሰንሰለት ወይም ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጋ ሊጠበቅ ይችላል። በብዛት በተመረተ መኪና ላይ የጎማ ቺንጋን ለዚህ አገልግሎት በማዋል ቀዳሚው በጀርመን አገር የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበው ግላስ 1004 ነበር። ፊያትም እ.ኤ.አ. በ1966 በ124 ስፖርት ሞተር ላይ ይህንኑ ዘዴ ተጠቀመ። ቺንጋው ዋጋው ቀላል ነው፤ ድምፅ አያሰማም፤ ቅባትም አይፈልግም። ነገር ግን በውስጡ የፋይበር ግላስ ክሮች የተዘረጉበት ጎማ በመሆኑ ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ስለዚህም አምራቹ በወሰነው ኪሎ ሜትር ወይም ዓመት መለወጥ ይኖርበታል።

ቺንጋው ሲላላ የሚሆነውን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ 20 ጥርስ አለው ቢባል የካምሻፍቱ ፑሌጃ 40 ጥርስ ይኖረዋል። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ ቺንጋው አንድ ጥርስ ቢዘል ክራንክሻፍቱ ከቦታው በ18 ዲግሪ ይዛነፋል፤ ሁለት ጥርስ ቢዘል በ36 ዲግሪ፣ ሦስት ጥርስ ቢዘል በ54 ዲግሪ ይዛነፋል ማለት ነው። ሠልጣኙ ይህን ስሌት በራሱ ሲሠራ «አንድ ጥርስ ምን ያደርጋል?» የሚለውን አስተሳሰብ ለመተው አይቸገርም።

2. ጉዳት የሚደርስበትና የማይደርስበት ሞተር

የቺንጋ መላላት ሁልጊዜ ጉዳት አያስከትልም። ይህን የሚወስነው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ፒስተኑ ከላይ ቢደርስ እንኳ ሁለቱ አይነካኩም። በሌሎች ግን ቫልቩና ፒስተኑ አንዱን ስፍራ በየተራ ስለሚጠቀሙበት ተራው ሲዛባ ይጋጫሉ።

ለምሳሌ ያህል በላዳ ሞተሮች መካከል የ2101 ሞተር በሰንሰለት ሲሠራ የ2105 ሞተር በጎማ ቺንጋ የሚሠራ ነው። በዚህ በሁለተኛው ሞተር ፒስተኖቹ ላይ ለቫልቮቹ መጠለያ የሚሆን ጎድጓዳ ስለተሠራ ቺንጋው ቢበጠስም ቫልቮቹ አይጎብጡም። በተቃራኒው በኢትዮጵያ በሚኒባስ ታክሲነት የሚታወቀው ቶዮታ ሃያስ በሚገጠሙለት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች የእመቃው መጠን 22 ለ 1 ገደማ ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ እጅግ ሲታመቅ ብቻ በመሆኑ ፒስተኑ ከቴስታታው ሥር በጣም ይጠጋል፤ ለተዛነፈ ቫልቭ የሚተርፍ ቦታ የለም። ከዚህም ሌላ በእነዚህ ሞተሮች ቺንጋው ናፍጣ የሚረጨውን ፓምፕ ጭምር ስለሚያዞር መላላቱ የመርጫውን ጊዜም ያዛባል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የምርመራ ጥያቄ «ይህ ሞተር ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለው ሲሆን መልሱም ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ይገኛል።

3. የመላላት ምክንያቶችና ምልክቶች

ቺንጋ በአብዛኛው የሚላላው መወጠሪያው ሲደክም፣ የመወጠሪያው ኩሽኔታ ሲበላ፣ ቡሎኑ በሚገባ ሳይጠብቅ ሲቀር፣ ወይም ከዘይት መከላከያ ጎማዎች የሚያፈስ ዘይት ጎማውን ሲያለሰልሰው ነው። በቺንጋው በሚዞር የውሃ ፓምፕ ላይ የሚደርስ ብልሽትም ተመሳሳይ ውጤት ይኖረዋል። አሽከርካሪው ከሽፋኑ ውስጥ የመንጫጫት ወይም የመማታት ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ይቸገራል። ቺንጋው ብዙ ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ በድንገት ይጠፋል።

4. የምርመራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሞተሩ አይነሣም። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚቀድመው ሕግ ይኸው ነው። «እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክረው» ተብሎ የሚዞር ቁልፍ ጤነኛውን ቫልቭ ያጎብጣል። ስለዚህ የባትሪው ገመድ ይነቀል።

ሁለተኛ፣ አሽከርካሪው ይጠየቅ። ሞተሩ የጠፋው በጉዞ ላይ ነው ወይስ ቆሞ ሲሠራ? ከጠፋ በኋላ ለማስነሣት ተሞክሯል? ሞተሪኖው ሲሞከር ከወትሮው በፈጠነና በቀለለ ድምፅ ከዞረ እመቃ እንደሌለ ያመለክታል።

ሦስተኛ፣ ሽፋኑ ተከፍቶ በዓይን ይታይ። የቺንጋው ጥርሶች፣ ውጥረቱ፣ የዘይት ምልክት፣ የመወጠሪያው ሁኔታና በፑሌጃዎቹ ላይ ያሉት የማመሳከሪያ ምልክቶች ይመረመራሉ። የዘለለው ጥርስ ቁጥርም ይመዘገባል።

አራተኛ፣ ቺንጋው በትክክል ይገጠም። ቺንጋው ከመውጣቱ በፊት ካንዴላዎቹ፣ በናፍጣ ሞተርም የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ ከዚህ በኋላ እመቃ ስለማይኖር የሚያጋጥም ጠንካራ መቆም የብረት ከብረት መጋጨት ይሆናል። በተለመደው የአራት ሲሊንደር ሞተር ክራንክሻፍቱ ከላይኛው ሙት ነጥብ 90 ዲግሪ እንዲርቅ ቢደረግ አራቱም ፒስተኖች ወደ መካከል ይወርዳሉ፤ በዚያን ጊዜ ካምሻፍቱን ለብቻው ያለ አደጋ ወደ ምልክቱ መመለስ ይቻላል። ቀጥሎ ክራንክሻፍቱ ወደ ምልክቱ በቅርቡ መንገድ ተመልሶ ቺንጋው ይገጠማል፤ ይወጠራልም።

አምስተኛ፣ ሞተሩ በመፍቻ በእጅ ይዙር። በክራንክሻፍቱ ቡሎን ላይ በተገጠመ መፍቻ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ወደ ኋላ ማዞር ውጥረቱን አዛብቶ እንደገና ጥርስ ሊያዘልል ይችላል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ በጉልበት መግፋት ክልክል ነው። ከሁለት ዙር በኋላ ምልክቶቹ እንደገና መገጣጠም አለባቸው።

ስድስተኛ፣ እመቃው ይለካ። ልኬቱ ከቺንጋው መስተካከል በፊት ቢደረግ ትርጉም አይኖረውም፤ ቫልቮቹ ባልተገባ ጊዜ ስለሚዘጉ ሁሉም ሲሊንደሮች ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያሉ። ከተስተካከለ በኋላ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ባር፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከ25 እስከ 35 ባር ያሳያል። ይሁን እንጂ ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል።

ሰባተኛ፣ እመቃ ባጣው ሲሊንደር ላይ አየር ይሞከር። ሲሊንደሩ በእመቃ ምት ላይኛው ሙት ነጥብ ላይ ሳለ የታመቀ አየር በካንዴላው ቀዳዳ ይሰደዳል፤ ድምፁ የሚወጣበትም ቦታ ይደመጣል።

5. የግኝቶቹ ትርጉም

ሀ) ሁሉም ሲሊንደሮች እኩል ዝቅ ካሉ አስቀድሞ የቺንጋው ምልክት እንደገና ይታይ፤ ጥርስ ሳይቀር አልቀረም።

ለ) አንዱ ወይም ሁለቱ ዜሮ አሳይተው ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ የጎበጠ ቫልቭ ይጠረጠራል።

ሐ) አየሩ በአየር ማስገቢያው በኩል ከተሰማ የሚያስገባው ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ከተሰማ የሚያስወጣው ቫልቭ አልገጠመም። በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻ፣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮን ተጎድቷል ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከቺንጋው በፊት የነበሩ ጉዳቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

መ) የጎበጠ ቫልቭ ወደ መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ በካሙና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ከተወሰነው በላይ ሰፍቶ ይገኛል። ይህ ልኬት የሚያገለግለው ክፍተታቸውን በዘይት ግፊት ራሳቸው በማያስተካክሉ ሞተሮች ነው።

ሠ) እመቃው ሁሉ ትክክል፣ የቫልቭ ክፍተቱም በወሰኑ ውስጥ ከሆነ ቴስታታ የሚወርድበት ምክንያት የለም። አዲስ ቺንጋና አዲስ መወጠሪያ ይገጠማል፤ የመላላቱም መንሥኤ ይወገዳል።

ቴስታታው የሚወርደው ከእነዚህ ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ አንድ ነገር ሲመሰክሩ ነው። በወረደም ጊዜ በፒስተኑ ራስ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው የመመታት ምልክት፣ የቫልቭ መሪዎቹና ካምሻፍቱ ይመረመራሉ፤ የጎበጠውን ቫልቭ ብቻ ለውጦ መዝጋት የተሰነጠቀ መሪን ተሸክሞ መሄድ ሊሆን ይችላልና።

6. ለመምህሩ የቀረቡ የማስተማሪያ ሐሳቦች

ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቺንጋው የሚታይ አንድ አሮጌ ሞተር፣ መፍቻ፣ የእመቃ መለኪያና የአየር ቱቦ ይበቃሉ። መምህሩ ሠልጣኞች ሳያዩ ቺንጋውን አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ያዛንፋል፤ ለዚህም ቫልቩና ፒስተኑ የማይጋጩበት ሞተር ቢመረጥ ይሻላል። ሠልጣኞቹ መሣሪያ ከመንካታቸው በፊት የሚጠብቁትን ውጤት ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያሰፍራሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ልኬት መዝግበው ከግምታቸው ጋር ያስተያያሉ። ግምቱና ልኬቱ ያልተስማሙበት ቦታ ለውይይት ከሁሉ የተሻለው ነጥብ ነው።

በምዘና ጊዜም ነጥብ የሚሰጠው ሞተሩ በመነሣቱ ብቻ መሆን የለበትም። «ይህን ከዚያ በፊት ለምን አደረግህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አጥጋቢ ምክንያት የሚሰጥ ሠልጣኝ ዕቃ በዕድል ለውጦ ሞተር ካስነሣው ይበልጣል። የመጀመሪያው ነገ ባላየው ሞተር ፊትም መንገድ አለው፤ ሁለተኛው ግን የለውም።

ማጠቃለያ

የታይሚንግ ቺንጋ መላላት በራሱ የሞተር ጥፋት ማረጋገጫ አይደለም፤ የደኅንነትም ዋስትና አይሆንም። ምልክቶቹ የተዛነፉ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቶቹ የተገጣጠሙ ሞተርም የጎበጠ ቫልቭ ሊኖረው ይችላል። በሁለቱ መካከል የሚለየው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከማየት ወደ መለካት፣ ከመለካትም ወደ መፍታት የሚሄድ ሥርዓት ያለው ምርመራ ብቻ ነው። ይህን ሥርዓት በትምህርት ቤት የለመደ ባለሙያ የደንበኛውን ገንዘብ ከማዳኑም በላይ ለሙያው የሚሰጠው እምነት እንዲጸና ያደርጋል።