ጉዞው ለልጅ፣ ዕዳው ለወላጅ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ የገበሬው እጅ ገንዘብ የሚያየው ቡና በሚለቀምባቸው ወራት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የትምህርት ቤት ጉዞ መዋጮ በግንቦት ሲጠየቅ ግን የቡናው ብር አልቋል። ልጅ «አባዬ፣ ጓደኞቼ ሊሄዱ ነው፤ እኔስ?» ሲል ማን ጨክኖ እምቢ ይላል? ያለው ይከፍላል፤ የሌለው ይበደራል፤ ካልሆነም ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል።

ውድ ወላጆች፣ ጉዞ ዕውቀት ነውና አንቃወምም። ይሁንና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ግድ ነውን? የሚዛን ተፈሪ ልጅ የበበቃን፣ የቴፒም ልጅ የከተማውን ሰፊ የቡና እርሻ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል። ወላጅና መምህር በመስከረም ተመካክረው ቅርብ ቦታ ቢመርጡ፣ መዋጮውንም በኅዳር ቢሰበስቡ፣ በአላህ ፈቃድ በገንዘብ እጦት የሚቀር ልጅ አይኖርም።