የብሩ መርከቦችና የፈቃዱ ወረቀት

የባሕር ላይ ዘረፋ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ፣ ሕግም አገርም የሌለው ወንበዴ ነው። ፊልሞቹ ያስተማሩን ይህንን ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአትላንቲክ ላይ ከተፈጸሙት ዘረፋዎች እጅግ ስመ ጥሩ የሆነውን የፈጸመው ግን ባለአክሲዮኖች፣ የሒሳብ መዝገብና የመንግሥት ማኅተም የነበረው ኩባንያ ነው። ዝርፊያ እንዴት ሕጋዊ ንግድ እንደሚሆንና ዕዳውን ማን እንደሚከፍል ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከብር ነው። ስፔን በዛሬዋ ቦሊቪያ ከፖቶሲ ተራራ፣ በሜክሲኮም ከዛካቴካስ ብር ታወጣ ነበር። በፖቶሲ የአገሬው ነባር ሕዝብ «ሚታ» በሚባል የግዳጅ ሥራ በየተራ እየተነዳ ጉድጓድ ይገባ ነበር። ከሚወጣው ማዕድን አንድ አምስተኛው የንጉሡ ግብር ነው። እኛ ገንዘባችንን «ብር» እንደምንለው ሁሉ፣ የላቲን አሜሪካ ሰዎችም ብሩንም ገንዘቡንም «ፕላታ» ይሉታል። ይህ ሀብት በነጠላ መርከብ ሲጓዝ ለአደጋ ስለሚጋለጥ፣ ከ1560ዎቹ ጀምሮ መርከቦቹ በጦር መርከብ ታጅበው፣ በሃቫና በኩል አድርገው በአንድነት ወደ ስፔን እንዲሻገሩ ተደረገ።

ኔዘርላንዶች በበኩላቸው ከ1568 ጀምሮ ከስፔን ንጉሥ አገዛዝ ለመላቀቅ ይዋጉ ነበር። በ1609 የተፈረመው የ12 ዓመት የተኩስ አቁም በ1621 ሲያበቃ፣ በዚያው ዓመት የምዕራብ ህንድ ኩባንያን አቋቋሙ። ኩባንያው የሚነግድም የሚዋጋም ነበር። ለዚህ የሚሆነው የሕግ ክርክር አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። በ1603 የምሥራቁ ኩባንያ ሰዎች ሳንታ ካታሪና የተባለች የፖርቱጋል መርከብ በሲንጋፖር አቅራቢያ ሲማርኩ፣ ድርጊቱን እንዲከላከል የተጠየቀው ወጣቱ የሕግ ሰው ሁጎ ግሮቲየስ ነው። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ በፍትሐዊ ጦርነት የተማረከ ንብረት የማራኪው ነው፤ ዳኛ በሌለበት ባሕር ላይ ደግሞ ኩባንያም ቢሆን እንዲህ ያለ ጦርነት ሊያካሂድ ይችላል። ስለዚህ ወንበዴውን ከማራኪው የሚለየው አድራጎቱ ሳይሆን የያዘው ወረቀት ነበር። ወረቀት የሌለው ይሰቀላል፤ ወረቀት ያለው ምርኮውን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ያስጸድቃል።

በ1628 ኩባንያው 31 መርከቦችን በአድሚራል ፒት ሄይን መሪነት ላከ። ሄይን በወጣትነቱ በስፔኖች ተማርኮ ለዓመታት በመርከባቸው ላይ በግዳጅ የቀዘፈ ሰው ነው። በመስከረም ወር ከሜክሲኮ የተነሱትን የስፔን መርከቦች በኩባ ሰሜናዊ ጠረፍ አገኛቸው። የስፔኑ አዛዥ ሁዋን ዴ ቤናቪዴስ ወደ ማታንሳስ ባሕረ ሰላጤ ሸሸ፤ ጭነት የከበዳቸው መርከቦች ግን ጥልቀት በሌለው ውሃ አሸዋ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ውጊያ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። የተገኘው ከ80 ሺህ ኪሎ በላይ ብር ነው። ከዚህ ሌላ ወርቅ፣ ዕንቁ፣ ቆዳ፣ ሰማያዊ ማቅለሚያ ኢንዲጎ፣ እንዲሁም ቁልቋል ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚሠራው ቀይ ቀለም ኮቺኒል ነበር። ጠቅላላ ዋጋው ከ11 ሚሊዮን ጊልደር በላይ ተገመተ።

ክፍፍሉን እንመልከት። ባለአክሲዮኖቹ ካዋጡት ገንዘብ 75 በመቶ የሚሆን የትርፍ ድርሻ ተከፈላቸው። ሄይን 7 ሺህ ጊልደር ያህል አገኘ። መርከበኞቹ የ17 ወር ደመወዝ ያህል ተሰጥቷቸው፣ ይህ አይበቃንም ብለው አምስተርዳም ውስጥ ረብሻ አስነሱ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ቤናቪዴስ ደግሞ ከዓመታት እስር በኋላ በ1634 ሴቪያ ላይ በሞት ተቀጣ። ብሩን ከምድር ያወጡት ሠራተኞች በየትኛውም መዝገብ ላይ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ሲሰረቅም ሲማረክም ባለቤቶቹ ተብለው የተጠሩት ሌሎች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡ የሄደበት መንገድ ነው። ከፊሉ በ1629 ስሄርቶኸንቦስ የተባለችውን ከተማ ከስፔን ላስለቀቀው ከበባ ረዳ፤ ይህ የነጻነት ትግል ነው። ነገር ግን በዚህ ምርኮ አቅሙ የጠነከረው ኩባንያ በ1630 በብራዚል የፔርናምቡኮን የስኳር አገር ወረረ። ስኳር ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ኩባንያው በ1637 በዛሬዋ ጋና የሚገኘውን የኤልሚና ምሽግ፣ በ1641 ደግሞ ሉዋንዳን ያዘ፤ አፍሪካውያንንም በባርነት ወደ ብራዚል ማጓጓዝ ጀመረ። በሰንሰለት ታስሮ ይቀዝፍ የነበረ ሰው ያመጣው ሀብት ሌሎችን በሰንሰለት ለሚያስር ንግድ ስንቅ ሆነ። ሄይን ራሱ ይህንን አላየም፤ በ1629 ባሕር ላይ ተገድሏል።

ስለ እርሱና ስለ ብሩ መርከቦች የተገጠመው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መዝሙር በኔዘርላንድስ ዛሬም በስታዲየም ይዘመራል፤ እዚያ ያደጉ ልጆቻችንም ሳይሰሙት አይቀሩም። በ2020 ደግሞ ሮተርዳም የሚገኘው ሐውልቱ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። እኔ ሐውልቱ ይፍረስ አይፍረስ ወደሚለው ክርክር አልገባም። ልጆቻችን መዝሙሩን ሲዘምሩ «ብሩ መጀመሪያ የማን ነበር? በኋላስ ምን ተገዛበት?» ብለው ቢጠይቁ ግን ደስ ይለኛል። ከተጨቆነ ሕዝብ የወጣ ጀግና ሁሉ ጭቆናን ይጠላል ብለን የምናምን ካለን፣ የ1628ቱ ታሪክ እንዲህ አይልም።