መንገደኛው በታላቁ አንዋር መስጊድ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚያመራው መንገድ ላይ ከምትገኘው ሁምቦ ተነሥቶ መርካቶ የደረሰ ሙስሊም፣ ከገበያው ግርግር መካከል የታላቁን አንዋር መስጊድ ሚናራዎች ያያል። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም ከዚያው ሩቅ አይደለም።

እንግዳው ጫማውን አውልቆ፣ ውዱእ አድርጎ ይገባል። ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እስልምና ለመንገደኛ ዙህርን፣ አስርንና ኢሻን ከአራት ረከዓ ወደ ሁለት እንዲያሳጥር ፈቅዶለታል፤ ሱብሂና መግሪብ ግን አያጥሩም። የጁምዓ ሶላትም በመንገደኛ ላይ ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ ከነዋሪው ኢማም ኋላ ከቆመ፣ በአብዛኞቹ ሊቃውንት አቋም እንደ ከተማው ሰው አራቱንም ይሞላል። አውቶቡስ ሊያመልጠው ለተቃረበ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም! ብዙዎች ግን በዚያ ሰፊ ጀመዓ መካከል መቆምን ይመርጣሉ፤ የሚያስደንቅም አይመስለንም። በሁምቦ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነውና።

በዒድ ዋዜማ የመጣ እንግዳ በማግሥቱ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ማቅናት ይኖርበታል፤ የከተማዪቱ ታላቅ የዒድ ሶላት የሚሰገደው በዚያና በዙሪያው ጎዳናዎች ነው። ዒድ ብሔራዊ በዓል ሆኖ የታወጀው፣ ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ካደረጉ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ዕለቱ የሥራ ቀን ነበር።