ጊሽጣ በበረንዳ ላይ

ባለፈው ጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ተጋብዤ ነበር። ከቡናው በፊት በሰሃን የቀረበልኝ ፍራፍሬ ከገበያ የተገዛ አልነበረም። ልጡ አረንጓዴ፣ ውስጡ እንደ እርጎ የነጣና የለሰለሰ ጊሽጣ ነው። የተለቀመውም እዚያው በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ከቆመች፣ ቁመቷ ከእኔ እምብዛም ከማይበልጥ ዛፍ ነው።

የቤቱ እመቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ወይዘሮዋ እያልኩ እቀጥላለሁ። ተወልደው ያደጉበት ግቢ በ2010 ዓ.ም. ለልማት ሲፈርስ፣ ከጓሮው የጊሽጣ ዛፍ ይዘው መውጣት የቻሉት በመሐረብ የተቋጠሩ ስምንት ዘሮችን ብቻ ነበር። ዛፉን የተከሉት አሁን አብረዋቸው የሚኖሩት አረጋዊት እናታቸው ናቸው። «ቤቱንስ እየረሳሁት ነው ልጄ፤ ዛፏን ግን አሁንም በሕልሜ አያታለሁ» አሉኝ እናትየው።

ጊሽጣ የሚለው ስም በአገራችን ለአንድ ዛፍ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ዘመዳሞች የሆኑ በርካታ ዛፎች በዚሁ ስም ይጠራሉ። ሙቀት የሚወደው የቆላው ዓይነት የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይችልም። ቼሪሞያ የሚባለው ዓይነት ግን በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ሸለቆዎች ለረጅም ዘመን ሲለማ የኖረ በመሆኑ፣ ቀዝቀዝ ያለውን የደጋ አየር ይስማማዋል። ውርጭ ግን ለጋውን ችግኝ ይገድለዋል። ስለዚህ ዘር ወይም ችግኝ የምትፈልግ እናት «ጊሽጣ ነው» መባሉን ብቻ ሰምታ መግዛት የለባትም። የእናት ዛፉ የበቀለበት ቦታ ደጋ ነው ወይስ ቆላ ብላ ትጠይቅ።

ወይዘሮዋ ዘሮቹን አንድ ቀንና ሌሊት ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ጥልቀት ላይ ቀበሯቸው። ከስምንቱ ሦስቱ በቀሉ፤ የመጀመሪያው ብቅ ያለው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። የጊሽጣ ዋና ሥር ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ዘሩ የሚፈላበት ዕቃ ከሰፊ ይልቅ ጠለቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። የችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ረዘም ያለ የፕላስቲክ ከረጢት ለዚህ ይበቃል። ችግኙ ሲያድግ ወደ አሥር ሊትር፣ ከዚያም ወደ አርባ ሊትር ዕቃ ይዛወራል። ትንሿን ችግኝ በአንድ ጊዜ ትልቅ ዕቃ ውስጥ መትከል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ሥሩ ይበሰብሳል።

አፈሩን በተመለከተ የአዲስ አበባው ጥቁር ዋልካ ብቻውን አይሆንም። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ደግሞ ቀይ አሽ የሚባለው ቀላል ጠጠር ተቀላቅሎ ይሞላል። ጠጠሩ አፈሩን አየር ከማስገባቱ ሌላ ክብደቱን ይቀንሳል። የክብደቱ ነገር በቸልታ የሚታይ አይደለም። አርባ ሊትር እርጥብ አፈር ከሃምሳ ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ ዕቃው በመከለያው ጠርዝ ላይ ወይም በተንጠለጠለ መደርደሪያ ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። ቦታው ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ነው። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል መያዣ የነበረ ጀሪካንና በርሜልም ቢታጠብ እንኳ ለሚበላ ነገር መትከያ አይሆንም።

ከታች ያለውን ጎረቤትም ማሰብ ያሻል። ወይዘሮዋ በመጀመሪያው ዓመት ያጠጡት ውኃ ሁለተኛው ፎቅ ላይ በተሰጣ ነጭ አንሶላ ላይ ተንጠባጥቦ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ከዕቃው ሥር ሰፊ ሳህን አደረጉ፤ ጎረቤታቸውንም ከሦስቱ ችግኞች አንዷን ሰጥተው አስታረቁ። ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ግን በየጊዜው መደፋት አለበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጨውና ሳሙና ያልነካው የሩዝና የአትክልት እጣቢ ለዛፉ ይበጃል። ከማጠጣት በፊት ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ መፈተን እንጂ በቀን ቆጠራ መሄድ አይጠቅምም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ሁለተኛዋ ችግኝ ቀደም ብላ ደርቃ ስለነበር የቀረችው አንዲት ብቻ ናት። እሷም ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ጀመር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንጨት ብቻ ቀረ። ባለቤታቸው «የሞተ ነገር ቦታ ለምን ይይዛል?» ብለው ሊያወጡት ተነሡ። ወይዘሮዋም ተስማምተው ነበር። እንቢ ያሉት እናትየው ናቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ግንዱን በጥፍራቸው ቢፍቁት፣ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። «አልሞተችም። ያችኛዋም በየዓመቱ እንዲህ ትሆን ነበር፤ አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታስታውሺም» አሏቸው።

የእናትየው ምስክርነት ከዕፅዋት ባሕርይ ጋር የሚስማማ ነው። የጊሽጣ እምቡጥ የሚቀመጠው በቅጠሉ አንገት ውስጥ ተሸፍኖ በመሆኑ፣ አሮጌው ቅጠል ካልወደቀ አዲሱ አያቆጠቁጥም። በዚህ ወቅት ዛፉ የሚጠጣው ውኃ በጣም ጥቂት ነው። ስንቶቻችን እንሆን እንዲህ ያለውን ዛፍ ሞተ ብለን ለቆሻሻ ሰብሳቢ የሰጠን? እኔ በበኩሌ አንድ የበለስ ችግኝ በዚሁ ስሕተት ጥያለሁ።

ዛፏ በ2015 ዓ.ም. አበበች፤ አበባው ግን አንድም ሳይቀር ረገፈ። የጊሽጣ አበባ አንዱ ራሱ ሴትም ወንድም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ በከፊል ተከፍቶ ሳለ ሴት ነው፤ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የወንዴውን ዱቄት ይለቃል። ዱቄቱን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ሲሆኑ፣ እነሱ በሌሉበት ሥራው የሰው ነው። የዚህ ፍራፍሬ ዋና አምራች በሆነችው በስፔን ሳይቀር ገበሬዎች በእጅ ያዳቅሉታል።

አሠራሩ ለሠራተኛ እናት የተመቸ ነው። ወይዘሮዋ ከቢሮ ሲመለሱ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ በደንብ ከተከፈቱት አበቦች ዱቄቱን በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ እያራገፉ በባዶ የክብሪት ቀፎ ይሰበስባሉ። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩታል። ጠዋት ልጆቹን ለትምህርት ቤት ካዘጋጁ በኋላ፣ ገና በከፊል ወደተከፈቱት አበቦች ውስጥ በዚያው ብሩሽ ይቀቡታል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የመካከለኛዋ ልጃቸው አሁን ሥራውን ሙሉ በሙሉ ተረክባዋለች። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ከተቀቡት አበቦች ሰባቱ ፍሬ ያዙ፤ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ አራቱ ተቀንሰው ሦስቱ ቀሩ። ከስምንት ወር በኋላም ደረሱ።

ፍሬው የሚለቀመው ጠንካራ ሳለ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ መፈዘዝ ሲጀምር ነው። ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ጣት ሲጫነው ለስለስ ሲል ይበላል። ሳይበስል ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ግን ይበላሻል።

እናቶች ከሁሉ በላይ ልብ ማለት ያለባቸው ጥቁሩን ዘር ነው። ከተፈጨ ወይም ከታኘከ መርዝነት አለው፤ ዱቄቱ ዓይን ከገባ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ጊሽጣ ለጭማቂ ሲፈጭ አንድም ዘር እንዳይቀር ይለቀም፤ ለሕፃን ሲሰጥም ሥጋው ብቻ ተለይቶ ይሁን። ዘሩን ፈጭቶ ለራስ ቅማል የማዋል ልማድ በአንዳንድ አገሮች የዓይን ጉዳት አድርሷል።

በዚያ ቅዳሜ እናትየው ድርሻቸውን በማንኪያ ቀስ ብለው ከበሉ በኋላ፣ ከሁላችን ሰሃን ላይ ዘሮቹን ለቅመው ቆጠሩ። ሃያ ሰባት ናቸው። አንዱ ልጆቹ እጅ እንዳይገባ ሁሉንም ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ካኖሩ በኋላ፣ አራቱን መልሰው አውጥተው በወረቀት ጠቀለሉልኝ። «ዛሬ ማታ ዘፍዝፊያቸው» አሉኝ። ከአራቱ አንዱ ሰሞኑን በወጥ ቤቴ መስኮት ሥር ብቅ ብሏል።