ልጅዎ ስፖርትን በቪዲዮ ሲማር

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር ያስታውሳሉ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ስፖርትም በከፊል በቪዲዮ ሊሰጥ ይችላል። ልጅዎ አሠራሩን ቤት አይቶ ከሄደ፣ ክፍለ ጊዜው ከገለጻ ይልቅ ለእንቅስቃሴ ይውላል።

ማየት ግን መሥራትን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ የሚማር ልጅ የተወሰነውን መንገድ ላይ ያገኛል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ በባጃጅ የሚመላለሰው ግን አያገኝም። በብርዱ ጠዋት ደግሞ አስቀድሞ ሰውነቱን ያሟሙቅ።

ሲሮጥ ደረቱን ካመመው፣ ከእኩዮቹ በተለየ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ያቁም፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚያስከትለው የልብ በሽታ በሀገራችን ብዙ ልጆችን ያጠቃል። ቪዲዮው ይህን አያይም፤ ልጅዎ ሲሠራ አዋቂ አጠገቡ ይኑር።