ቀዩ ናፍጣ

አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ቀዩን ናፍጣ ከሪፈር (ማቀዝቀዣ ካለው ተሳቢ) ጋር ያውቁታል። የማቀዝቀዣው ሞተር የራሱ ታንክ ስላለው ቀይ መቅዳት ይፈቀድለታል፤ መኪናው ግን አይፈቀድለትም። ገጠር መሬት ገዝቶ ትራክተር ወይም ጄኔሬተር ያቆመ ሰው የሚጠቀመውም ይኸንኑ ነው።

ለሞተር ቀዩም ተራውም አንድ ናቸው፤ የሚለያያቸው ግብር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለመንገድ ከሚሸጠው ናፍጣ በጋሎን 24.4 ሳንቲም ይሰበስባል፤ ስቴቶችም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ማሳ ላይ የሚውል ትራክተር አስፋልት ስለማይጎዳ ይህ ቀረጥ ይቀርለታል። ግብሩ የቀረለት ነዳጅ እንዲለይም ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ተቆጣጣሪ መኪና አስቁሞ ከታንኩ ናሙና ሲቀዳ ቀለሙ ያጋልጣል። ቅጣቱ 1,000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር ሲሆን፣ የሚከፈለው ከሁለቱ የበለጠው ነው፤ ለደጋገመ ደግሞ ይባዛል።

ብዙ የሚፈልግ ገበሬ አከፋፋዩ በቦቴ ግቢው ድረስ ያመጣለታል። ጥቂት የሚበቃው ቀይ ከሚሸጥ ማደያ ራሱ ይቀዳል። የናፍጣ ጀሪካን ቢጫ ነው፤ ቀይ ለቤንዚን፣ ሰማያዊ ለኬሮሲን የተለመደ ነው። ጀሪካኑን ከመኪና አውርዶ መሬት ላይ አስቀምጦ መቅዳት፣ አፉ ድረስ አለመሙላት፣ ከዚያም ቀጥ አድርጎ ማሰር ይገባል። ፒክአፕ ላይ ታንክ ለሚጭን ትልቁ ጉዳይ ክብደት ነው። አንድ ጋሎን 3.2 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ 100 ጋሎን ያለ ታንኩ 320 ኪሎ ይሆናል።

ከተቀመጠ በኋላ የናፍጣ ጠላት ውሃ ነው። ግማሽ ጎደሎ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወርዶ ከሥር ይተኛል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፤ የሚያፈሩት ጥቁር ዝቃጭ ፊልትሮ ይደፍናል። ስለዚህ ታንኩ ጥላ ሥር ይሁን፣ ሞልቶ ይቆይ፣ ከሥሩም የውሃ ማስወጫ ቧንቧ ይኑረው። ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት ይሸጣል፤ እሱን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ቀብቶ እስከ ታች በመስደድ ምን ያህል ውሃ እንደተኛ ማየት ይቻላል።

ክረምቱ በሚበረታበት አገር ሌላም ችግር አለ። ብርዱ ሲጠና ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ነዳጁ ከፊልትሮ አያልፍም። በበጋ የተገዛ ናፍጣ ጥር ላይ ሞተር የማያስነሳው ለዚህ ነው። መፍትሔው ብርዱ ሳይገባ የክረምት ናፍጣ መግዛት ወይም ፀረ-ርጋታ መድኃኒት መጨመር ነው፤ ከረጋ በኋላ መጨመር ግን እምብዛም አይረዳም።

ርካሽ ነው ተብሎ ለዓመታት አይከማችም። ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ከምትጨርሱት በላይ አትግዙ፤ የገዛችሁበትንም ቀን ታንኩ ላይ ጻፉበት።